ስለ ቤተ መንግሥት አውቶሞቢሎች ባለቤትነትና እድሳት

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት 25ኛው ዓመት ሲከበር በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፥ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ቤተ መዘክር ሆኗል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 12 ቀን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋራ እየተዘዋወሩ ጐብኝተውታል። በዚያ ከሚታዩት ዕቃዎች መካከል የንጉሠ ነገሥቱ የነበሩት ሮልስ ሮይስንና የመሰሉትን አውቶሞቢሎች ሕዝቡ በታላቅ መደነቅ ይመለከታቸዋል። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የቀለሙን ማብረቅረቅ ነው። እኛ ግን ስለ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ይህ አውቶሞቢል ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ? ሲታደስስ የቀድሞው ምኑ ቀርቶ ምኑ ተለወጠ?

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን ሠረገላ ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ አውቶሞቢል የመንግሥት ክብር መገለጫ እየሆነ ሄደ። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ የተቀመጡት የጠላት አገር ሥራ በሆነው በአልፋ ሮሜዮ ነበር። በነሐሴ ወር 1966 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ተወርሶ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተባለ፤ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ያን ሁሉ የክብር ሠረገላ ትተው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ጌታው ሄደ፤ አውቶሞቢሉ ግን በቦታው ቀረ። ስለዚህ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ባለቤትነት የተላለፈው በሽያጭ ወይም በውርስ ሳይሆን በመንግሥት መለወጥ ነው። ማንኛውም ዜጋ መኪናውን ሲሸጥ ሊብሬው ላይ ስሙ ይዛወራል፤ የመንግሥት ለውጥ ግን እንዲህ ያለ ሊብሬ አይጽፍም።

የእነዚህ አውቶሞቢሎች አሠራር ከዛሬዎቹ የተለየ መሆኑን ማወቅ ይገባል። በቀድሞው ዘመን የሮልስ ሮይስ ፋብሪካ የሚሠራው ሞተሩንና ሻንሲውን ብቻ ነበር፤ አካሉን ሁፐርን፥ ሙሊነርንና ፓርክ ዋርድን የመሳሰሉት ሠረገላ ሠሪዎች በገዢው ፈቃድ ይሠሩት ነበር። አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰለው በዚህ ምክንያት ነው። ለእያንዳንዱም ሻንሲ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፋብሪካውም የመጀመሪያውን ገዢና አካሉን የሠራውን በካርድ ይጽፋል። ብዙዎቹ ካርዶች እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ተጠብቀው ይገኛሉ። ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ ከካርዱ ጋራ ማስተያየት ለሚችል ሰው አውቶሞቢሉ የትውልድ ሐረጉን ይነግረዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ እድሳቱ ነው፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዓመት የቆመ አውቶሞቢል ሳይነዳም ይጐዳል። በታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ ካርቡራተሩን ይደፍናል፤ የፍሬኑ ዘይት እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝጋል፤ ጎማው ይሰነጠቃል፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን እንጨት ብል ይበላዋል። ሠሪው ግን አሮጌውን ሁሉ ጥሎ አዲስ ቢተካ፥ ቀለሙንም ሙልጭ አድርጎ ፍቆ እንደ ገና ቢቀባ፥ በመጨረሻ የሚቆመው ዕቃ መልኩ የቀድሞው፥ ሥጋው የአሁን ይሆናል። ካህናቶቻችን ይህን ከብራና መጽሐፍ ያውቁታል። ደጓሽ የተሰበረውን ገበታ ቢለውጥ መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው፤ ፊደሉን ፍቆ ሌላ ቢጽፍበት ግን ብራናው አሮጌ፥ መጽሐፉ ሌላ ነው። የጠፋው ፍሬን ይለወጥ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተቀመጡበት ቆዳ ግን ቢያረጅም ባይነካ እንመርጣለን።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ባለ ሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይታደስ ይከለክላል። ሆኖም ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ የተለወጠው ዕቃ ሁሉ መጻፍ፥ የወጣውም አሮጌ ዕቃ መቀመጥ አለበት።

መዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም በመቀሌ በዓይናለም በኩል ያሉ ሰዎች ከማንም ይልቅ ይረዱታል። ከዚያ ብዙም የማይርቀው የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የራስ ወልደ ሥላሴ ስጦታ እንደሆነ የሚነገርለት ዘውድ ነበረው። ይህ ዘውድ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ጠፋ፤ ኋላም በሆላንድ አገር በሮተርዳም በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ለብዙ ዓመታት ተሰውሮ ከተጠበቀ በኋላ በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ሊመለስ የቻለው የማን እንደሆነ የሚያውቁ ሊቃውንት መርምረው ስለ መሰከሩለት ነው። የሚመሰክርለት ባይገኝ ኖሮ የገበያ ዕቃ ሆኖ በቀረ ነበር። ከዘውድ ይልቅ ደግሞ አውቶሞቢል ተፈታትቶ ለመሸጥ ይመቻል።

አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን ርስትና ንዋየ ቅድሳት በወርቅ ወንጌል ዳርቻ ላይ ይጽፉ ነበር። ለእያንዳንዱ የቤተ መንግሥት አውቶሞቢል እንዲህ ያለ መዝገብ ቢከፈት፥ ታትሞም ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኘው ለመቀሌ ሕዝብና ለሌሎችም ከተሞች ቢደርስ መልካም ነው። በመጀመሪያው ገጽ የሚጻፈው የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ነው፤ ይህንም አንድ ጸሐፊና አንድ መካኒክ ፋኖስ ይዘው በአንድ ቀን ሊፈጽሙት ይችላሉ።