ሰሊጡ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ያጨደው ሰውስ?



በየምርጫው ዋዜማ የወጪ ንግዱ ስንት ሚሊዮን ዶላር እንዳስገኘ ይነገረናል። ሰሊጥ ከቡና ጎን ለጎን ለሀገራችን የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ዋነኛ ሰብሎች አንዱ እንደሆነ እኛም አንክድም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ያን ሰሊጥ ማን አረመው? ማን አጨደው? በስንት ተዋዋለ፣ ስንትስ እጁ ገባ?

መልሱ ከእናንተ አይሰወርም። ሁመራና መተማ በጦርነት ከመታመሳቸው በፊት በየክረምቱ ከደጋው ወደ ቆላው እርሻ የሚወርደው የወቅት ሠራተኛ በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበር፤ የጎጃም ልጅ ከጎንደሩ፣ ከወሎውና ከትግራዩ ጋር አብሮ ይወርድ ነበር። ዛሬም መንገድ በተከፈተ ቁጥር ይወርዳል። ከጎዛምን፣ ከማቻከል፣ ከስናን፣ ከእነማይ ተነሥቶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ መናኸሪያ ደጃፍ ሲያድር ሁላችንም አይተነዋል። የሚወርድ ሁሉ ባሪያ ሆነ አንልም፤ ሠርቶና ቆጥቦ፣ በሬ ገዝቶ የተመለሰ ብዙ ነው። እኛ የምንናገረው ባዶ እጁን ስለተመለሰውና ጭራሹን ስላልተመለሰው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በደላላው ነው። ደላላው ምግብና መኝታ ከአሠሪው፣ መጓጓዣ ከእኛ ይላል። ልጁ አንድም ወረቀት አይፈርምም። መጓጓዣው ግን ዕዳ ሆኖ ይጻፍበታል፤ የደላላው ድርሻ ይጨመርበታል፤ እርሻው ላይ ሲደርስ ማሽላው፣ ዘይቱ፣ ጨውና በርበሬው፣ ማጭዱ ሳይቀር በካቦው ደብተር ላይ በዱቤ ይሰፍራል። ደብተሩን የሚጽፈው ካቦው ነው፤ የሚያነበውም ካቦው ነው። አንዳንዱ ዘንድ የቀበሌ መታወቂያው «ለጥንቃቄ» ተብሎ ይወሰዳል። ሒሳብ የሚታሰበው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ከዚያ በፊት ጥሎ የሄደ የደከመበትን ያጣል። ይህ የግዳጅ ሥራ ነው፤ ሲብስም ባርነት ነው።

ለምን በሰሊጥ ላይ እንዲህ ከፋ? ሰሊጥ የሚጠብቅ ሰብል ስላልሆነ ነው። ደርሶ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ባሉት ጥቂት ሳምንታት የጉልበት ዋጋ ይንራል፤ ሠራተኛው ነፃ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ተደራድሮ ደህና ገንዘብ ይይዛል። ዕዳው፣ መታወቂያውና ያልተከፈለው ሒሳብ የሚያስፈልጉት በእነዚያ ሳምንታት አፉን እንዳይከፍት ነው። ሐቀኛ ባለሀብቶችም ሠራተኛው ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ ጠፋብን እያሉ ያማርራሉ፤ እውነት አላቸው። ከሁለቱም ወገን የሚበላው ግን ያው ደላላ ነው።

መኝታ የተባለውም ብዙ ጊዜ የግራር ጥላና የተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬት ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው እዚያው ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የካላዛር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በሽታው ከቆላው በተመለሱ ሠራተኞች በኩል ሳይገባ እንዳልቀረ ባለሙያዎች ገልጸዋል። ይህ በሽታ ካልታከመ ይገድላል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ማይካድራ ላይ በግፍ ከተገደሉት መካከልም ብዙዎቹ ለቀን ሥራ የሄዱ ድሆች ነበሩ። ማን የት እርሻ ላይ እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ እንዲኖር የምንጠይቀው ለወረቀት ፍቅር ብለን አይደለም።

ልጆቻችን ለምን ይሄዳሉ? በ1989 ዓ.ም. የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ ጎጃም አይረሳውም። «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ቅሪት» የተባለው ገበሬ አራት ጥማድ ተትቶለት የቀረውን ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ የተወለደው የገበሬ ልጅ ደግሞ ከወላጁ ከሚሸነሸንለት ቁራጭ በቀር የሚያርሰው የለውም። ከተማ ገብቶ ሥራ ሲያጣ የሚያገኘው ያንኑ ደላላ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ባርነት በዚህች ሀገር በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ባርነትንና የግዳጅ ሥራን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 596 ሰውን በተሸፈነ መልክም ቢሆን በባርነት የያዘን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ የሚቆረጠው ከሢሶ እንዳይበልጥ፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር አዟል። የካቦው ደብተር ይህን ሁሉ ሲጥስ ግን ተቆጣጣሪ የለም። ደርግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የከተማ ወጣት እያፈሰ ወደ ሁመራ የመንግሥት እርሻ ሲያግዝ ዓለም አቀፍ ክስ ቀርቦበት ነበር። ያኔ የሚያስገድደው ጠመንጃ ነበር፤ ዛሬ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥ ሲረከብ ንጽሕናውን ይመረምራል፣ እርጥበቱን ይለካል፣ የሁመራ/ጎንደር ይሁን የወለጋ ይለያል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። ታዲያ የበቀለበትን ቦታ መለየት የተቻለው ያጨደው ሰው ደመወዙን ማግኘቱን መጠየቅ ለምን አቃተ? እንግሊዝ በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመን በ2021 እ.ኤ.አ. ትልልቅ ኩባንያዎች ዕቃ አቅራቢዎቻቸው ዘንድ ባርነት አለመኖሩን እንዲከታተሉ ሕግ አውጥተዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ ገበያው እንዳይገባ በ2024 እ.ኤ.አ. ወስኗል። የሰሊጣችን ዋና ገዥዎች ቻይናና እስራኤል በመሆናቸው ግን የአውሮፓ ሕግ አይደርስልንም። ሥራው የራሳችን ነው።

ስለዚህ ብንመረጥ የምናደርገውን በግልጽ እንናገራለን። ሠራተኛ የሚመለምል ደላላ ሁሉ ፈቃድና የገንዘብ ዋስትና ይኖረዋል፤ ድርሻውን የሚከፍለው አሠሪው ብቻ ይሆናል፤ ከሠራተኛው አንድ ብር የተቀበለ ፈቃዱን ያጣል። ሠራተኛው ከመናኸሪያው ሳይነሣ በአማርኛ የተጻፈ ውል ይነበብለታል፤ አንዱ ቅጂ በእጁ፣ አንዱ በወረዳው ይቀራል። ደመወዝ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይከፈላል። ጣሪያ፣ ንጹሕ ውኃና አጎበር ያላቀረበ ባለሀብት የእርሻ መሬት ኪራይ ውሉ አይታደስለትም፤ መሬቱ የሕዝብ ነውና። ላኪዎችና የቅባት እህል የሚገዙ ፋብሪካዎች፣ በ2013 ዓ.ም. በቡሬና በደብረ ማርቆስ የተመረቁት የዘይት ፋብሪካዎች ጭምር፣ ከየትኛው እርሻ እንደገዙና የሠራተኛው ሒሳብ መዘጋቱን የሚያሳይ ሰነድ እንዲይዙ እናስገድዳለን። በፋብሪካዎቹ ላይ ክስ የለንም፤ የምንጠይቃቸው እንዲጠይቁ ነው። ባለሀብት ይሸሻል ለሚሉን፦ መታወቂያ ሳይነጥቅ ማትረፍ የማይችል ባለሀብት ቢሸሽ አንቆጭም።

አንድ የማይወደድ ነገርም እንጨምር። ከገጠር መጥታ በየቤታችን የምታድረው ልጅ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፍናትም፤ ያላት የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ደመወዟን «እኔ ዘንድ ተቀምጦልሻል» የሚላት እመቤትና ደብተር የያዘው ካቦ ምን ያህል እንደሚራራቁ እያንዳንዳችን እንመርምር። ይህን ማለት ድምፅ እንደሚያሳጣን እናውቃለን። የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀን፣ የሥራ ሰዓትና የደመወዝ ክፍያ በደንብ እንዲወሰን ረቂቅ እናቀርባለን።

የገዥው ፓርቲ ዕጩ ወደ ከተማችሁ ለቅስቀሳ ሲመጣ ይህን ጠይቁት፦ በዞናችን ስንት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ? ባለፈው መኸር ስንቱ ከቢሮው ወጥቶ እርሻ ረገጠ? መታወቂያ የነጠቀ አንድ አሠሪ፣ ልጆቻችንን የሸጠ አንድ ደላላ በየትኛው ፍርድ ቤት፣ በስንት ዓመት ተፈረደበት?