መርዶ ነጋሪው ስልክ

በአገራችን ልማድ የሞት ወሬ ለባለቤቱ በመንገድ ላይ አይነገርም። ቀድመው የሰሙት ዘመዶችና የእድሩ ሹማምንት ከነፍስ አባቱ ጋር ተመካክረው፣ ልቡ ብርቱ ነው ወይስ ደካማ፣ ሴት እንደ ሆነች ነፍሰ ጡር ናት ወይስ አራስ ብለው ጠይቀው፣ በዋዜማው አንድ የቅርብ ሰው በሌላ ጉዳይ አሳቦ ከቤቱ ገብቶ እራት መብላቱን ካየ በኋላ፣ ሰማዩ ወገግ ሲል፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጁ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ቃል ጥቂት ነው፤ በማለዳ በደጁ የቆሙትን ሰዎች ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋልና። ነገር ግን ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ፣ ፊቱን ሲነጭ የሚከለክለው እጅ፣ የመጽናናትን ቃል የሚናገር ካህን አስቀድመው ተዘጋጅተውለታል። ወገኖቻችን ይህን ሥርዓት ባሕር ማዶ ይዘውት ሄደዋል፤ በዋሽንግተን አካባቢ የወንድማቸውን እናት ሞት የሰሙ ጓደኞች የሥራ ፈረቃውን አጣርተው፣ ዕረፍት የሚሆንበትን ቀን መርጠው፣ ምግቡን በየቤታቸው አብስለው፣ ተሰብስበው ሄደው ነው የሚያረዱት።

ይህን ለብዙ ዘመን የኖረ የርኅራኄ ሥርዓት ማኅበራዊ ሚዲያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እያፈረሰው ነው። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ጉዳት ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ጊዜ መባከን፣ ስለ ወጣቶች እንቅልፍ ማጣት፣ በዘርና በሃይማኖት ስለሚነዛው ጥላቻ ይነገራል፤ ሁሉም የሚገባ ነው። ስለ መርዶ ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ባረፉ ጊዜ፣ የእድሩ ድንኳን ገና ሳይተከል፣ አንድ የሠፈራችን ወጣት የሟቿን ፎቶግራፍ ከሚነድ ጧፍ ምስል ጋር አያይዞ «ነፍስ ይማር እማማ» ሲል በፌስቡክ ለጠፈ። ወጣቱ ክፉ ልብ የለውም፤ ሟቿ በልጅነቱ ቆሎ እያፈሱ ይሰጡት ነበርና ያለቀሰው ከልቡ ነው። የሴትዮዋ የመጨረሻ ልጅ ግን በሪያድ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ዕቃውን አጥባ፣ ወጥ ቤቱን ወልውላ፣ በማደሪያዋ ጠባብ ክፍል ስልኳን ብትከፍት የእናቷን ፊት፣ ከሥሩም የጎረቤቱን ሁሉ የኀዘን ቃል ተደርድሮ አገኘች። አሠሪዎቿ እንዳይነቁ ሻሿን በጥርሷ ነክሳ እስኪነጋ መቀመጧን፣ ሲነጋም የልጆቹን ቍርስ ለመሥራት መነሣቷን ኋላ ለእኅቷ በስልክ ነግራታለች። በዚያች ሌሊት አገር ቤት ያሉት ዘመዶች፣ በዚያው ከተማ ካሉት የአገሯ ልጆች እነማን ሄደው ያርዷት እያሉ ይመካከሩ ነበር።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተጻፈው የአኪማአስ ታሪክ ለዚህ ዘመን የተተወ ተግሣጽ ይመስለኛል። አቤሴሎም በጦርነት በሞተ ጊዜ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ወሬውን ለንጉሥ ዳዊት ላድርስ ብሎ ለመነ፤ የጦሩ አለቃ ኢዮአብም፣ የሞተው የንጉሡ ልጅ ነውና በዛሬው ቀን አንተ ወሬ ነጋሪ አትሆንም ሲል ከለከለው። እርሱ ግን መላልሶ ለምኖ ከተፈቀደለት በኋላ በሌላ መንገድ ሮጦ፣ ቀድሞ የተላከውን መልእክተኛ ቀደመው፤ ከአባትየው ፊት ቆሞ ስለ ብላቴናው ደኅንነት በተጠየቀ ጊዜ ግን ሽብሩን እንጂ ሌላውን አላወቅሁም ብሎ ዝም አለ። እግሩ ለመቅደም ፈጥኖ ነበር፤ የአባትን ኀዘን ለመሸከም ግን አልተዘጋጀም።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በሰው ጠባይ ላይ መጣል ትክክል አይደለም፤ ሩጫውን የሚያፋጥን ሥርዓት በብልሃት ተሠርቷልና። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 የሚያለቅስ ፊት ያለበትን ጨምሮ አምስት አዳዲስ ምልክቶችን አወጣ፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ምልክት የአምስት ላይክ ክብደት እንዲሰጠው መደረጉን፣ በ2021 ወደ አደባባይ የወጡት የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ገልጠዋል። ክብደቱ ኋላ ቢቀነስም የአሠራሩ መንፈስ ግልጽ ነው፤ እንባው በበዛ መጠን ወሬው ለብዙ ሰው ይታያል። በዩቲዩብ ደግሞ ገንዘቡ የሚገኘው ከተመልካች ብዛት ስለ ሆነ፣ በሕይወት ያሉ አንጋፋ አርቲስቶችን «ሰበር ዜና» እያሉ የሚገድሉ፣ ልጆቻቸውንም በሐሰት የሚያስለቅሱ ተነሥተዋል።

እንዲህ ያለው መርዶ በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በአገርም ላይ ደርሷል። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ በሊቢያ በአይኤስ እጅ የታረዱትና የተረሸኑት ወንድሞቻችን ምስል በኢንተርኔት ሲለቀቅ፣ መንግሥት ማንነታቸውን አጣርቶ ሳይናገር፣ ካህናትም ወደ ማንም ቤት ሳይሄዱ፣ የአዲስ አበባ የቂርቆስ ሠፈር ሰዎች ልጆቻቸውን ከዚያው ምስል ለዩ። ምስሉን የሠሩት ሰዎች የፈለጉት ይህንኑ ነበር። እኛ ግን እያለቀስን፣ እየተቈጣን፣ ሰው ሁሉ ይይልን እያልን ከስልክ ወደ ስልክ አስተላለፍነው፤ ወላጅም በልጁ አንገት ላይ የተደረገውን ቢላዋ አየ። ይህን በሕዝብነታችን ቆም ብለን መርምረነው አናውቅም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1185 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት የሚያሰራጨውንም በከበደ ቅጣት ያስፈራራል። ያለ ጊዜው የተነገረ መርዶ ግን ሐሰት አይደለም፤ ስለዚህ ሕጉ አይደርስበትም፤ ይድረስበትም አልልም።

በሌላ በኩል ይኸው ማኅበራዊ ሚዲያ በዐረብ አገር የሞቱ እኅቶቻችንን አስከሬን ወደ አገር ለመመለስ ገንዘብ አሰባስቧል፤ መምጣት ያልቻለ ልጅ የአባቱን ጸሎተ ፍትሐት በሩቁ እንዲከታተል አድርጓል። የቀድሞውም ልማድ ያለ ነቀፋ አልነበረም፤ ትምህርቱ እንዳይሰናከል ተብሎ የአባቱ ሞት ዓመት ሙሉ የተደበቀበት ተማሪ ነበረ፤ ያ ግፍ ነው። የምለምነው መደበቅን አይደለም። ቀብራችን ፈጣን ስለ ሆነ የቀብሩ ሰዓት መነገር እንዳለበትም አውቃለሁ፤ ለዚህ የእድሩ ጡሩንባ፣ የእድርተኛው ስልክ፣ የእድሩ የቴሌግራም ቡድንም ይበቃል።

እንግዲህ እድሮች በጠቅላላ ጉባኤያቸው በደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፤ የሟቹ ቤተሰብ አንድ ሰው ይሰይም፤ እርሱም ሩቅ ያሉት ልጆች ሁሉ መረዳታቸውን ሳያረጋግጥ ማንም እድርተኛ የሟቹን ፎቶግራፍም ሆነ ስም በአደባባይ ገጽ ላይ አይለጥፍ። ሰበካ ጉባኤያትም ይህንኑ ለምእመናን ያስታውቁ። ብዙ ተከታይ ያላቸው የገጽ ባለቤቶች፣ ከመለጠፋቸው በፊት ለዚያ ለተሰየመው ሰው ደውለው፣ ሁሉም ተረድተዋል ወይ ብለው ይጠይቁ። በሪያድም በቤይሩትም ያሉ የአገር ልጆች አሠሪዎችን ለምነው ከልጅቱ ዘንድ እስኪደርሱ፣ ለአንድ ቀን መታገሥ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም።

ታዛቢ፤ ከአዲስ አበባ