የቴይለር እጅና የአሥራ ስድስቱ ፊርማ

በእንግሊዝ አገር ዳርትስ የሚባል ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቆሞ፣ በቁጥር ወደተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ ትናንሽ ቀስቶች ይወረውራል፤ ከ501 ነጥብ ተነሥቶ እየቀነሰ ዜሮ ላይ ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል። የመጠጥ ቤት ጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ ሲናቅ የኖረው ይህ ጨዋታ፣ በ2026 ለዓለም ሻምፒዮኑ ለ18 ዓመቱ ሉክ ሊትለር 1 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኝቶለታል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ? የሚል ሰው የፊል ቴይለርን ታሪክ መመልከት ይገባዋል።

ቴይለር በ1960 በሸክላ ሥራ በታወቀችው በስቶክ ኦን ትሬንት ተወለደ። በፋብሪካ ውስጥ የመጸዳጃ ቤት ሰንሰለት መጎተቻ እጀታ እየሠራ በሳምንት 52 ፓውንድ ያገኝ ነበር። ችሎታውን የተመለከተው የ5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ኤሪክ ብሪስቶው ሥራውን ትቶ እንዲለማመድ 10 ሺህ ፓውንድ ያህል አበደረው። በ1990 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ቴይለር ይህንኑ ባለውለታውን 6 ለ 1 አሸነፈው።

ነገር ግን ድሉ የመጣው ጨዋታው በሚያሽቈለቍልበት ጊዜ ነበር። በ1989 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሚታየው ትልቅ ውድድር የዓለም ሻምፒዮናው ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ማስታወቂያ ሲጠፋ የተጫዋቹ እንጀራም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በ1993 ቴይለርና ብሪስቶው ያሉባቸው 16 ተጫዋቾች በሰነድ ፈርመው ከነባሩ ማኅበር ተለዩ፤ ማኅበሩም ከውድድሮቹ አገዳቸው። ከ16ቱ ሁለቱ ተመለሱ። አይፈረድባቸውም፤ የሌላውን ቤተሰብ ችግር ከሩቅ ሆኖ መመዘን ቀላል ነውና።

የቀሩት 14ቱ መጀመሪያ ያገኙት ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ነው። በ1990 ቴይለር በነባሩ ማኅበር ያገኘው ሽልማት 24 ሺህ ፓውንድ ሲሆን፣ በ1994 አዲሶቹ በራሳቸው ሻምፒዮና ለአሸናፊው የሰጡት 16 ሺህ ነበር። እሱንም የወሰደው ቴይለርን 6 ለ 1 የረታው ዴኒስ ፕሪስትሊ ነው። ጠቡ ከፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት ያለቀው በ1997 ነው።

እርግጥ፣ ያለ ቴይለር እጅ አዲሱን ውድድር ማን ይመለከተው ነበር? የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ከ1995 እስከ 2002 በተከታታይ 8 ጊዜ አሸንፏል፤ በጠቅላላው 16 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2018 በ57 ዓመቱ የተሰናበተውም በፍጻሜ ጨዋታ ላይ፣ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በነበረው በሮብ ክሮስ ተሸንፎ ነው። እንዲህ ያለ እጅ በየዘመኑ አይገኝም።

ሆኖም ያ እጅ ያለ ብሪስቶው ብድር ከፋብሪካው ባልወጣ፣ ያለ ጓደኞቹ ፊርማም የሚወረውርበት መድረክ ባላገኘ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሊትለር የ1 ሚሊዮን ፓውንዱን ሽልማት ሲቀበል፣ ያ ፊርማ በተፈረመ ጊዜ ገና አልተወለደም ነበር። በትምህርትም ሆነ በሥራ ላይ ያለን ወጣቶች ስጦታ ያለውን ሰው ስናደንቅ፣ ማን እንዳበደረውና እነማን አብረውት እንደፈረሙ መጠየቅንም እንልመድ።