የቸርችል ጎዳና ዳገትና የጤና መዋጮ

ለጤና አገልግሎት የሚውል ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚዘጋጁ የእግር ጉዞዎችና ሩጫዎች በከተሞቻችን እየተለመዱ መምጣታቸው የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን ዝግጅት ማን እንደሚመራው፣ ማን ሊገኝበት እንደሚችልና የተገኘው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ ካልታሰበበት ነገሩ የአንድ ቀን ሆይ ሆይታ ሆኖ ይቀራል። በገጠር ልማት ገጽ ላይ ስለ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና የምናነሣውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንደሚታወቀው ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ቀድሞው የለገሃር ባቡር ጣቢያ ይወርዳል። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የሚገኘው በዚሁ ጎዳና አጠገብ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከወለጋ የሪፈር ወረቀት ይዞ የሚመጣ ገበሬ ወደዚህ ሆስፒታል ይላካል። የልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚረዱበት ማዕከልም በሆስፒታሉ ቅጥር ግቢ ውስጥ ይገኛል። ልጁን አዝሎ የመጣ አባት ወረፋ እስኪደርሰው ድረስ በማያውቀው ከተማ ማደሪያና ምግብ መፈለግ አለበት።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ተመርጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁንና መድኑ የሕክምናን ወጪ ያቃልል እንደሆነ እንጂ የአውቶቡሱን፣ የመኝታውንና የአስታማሚውን ቀለብ አይከፍልም። ብዙ ገበሬ በሬውን የሚሸጠው ለዚህ ነው። በቸርችል ጎዳና የሚሰበሰብ የጤና መዋጮ አንድ ቁርጥ ያለ ዓላማ ቢኖረው የምንመርጠው ይህንኑ ክፍተት መሙላት ነው።

አዘጋጁ ማን ይሁን? በእኛ አስተያየት እድሮች ይሁኑ። እድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሰሃን አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሰው የሚጠራለት ጡሩምባ ነፊም አያጣም። በኤች አይ ቪ ኤድስ ክፉ ዘመን ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን የደገፉ የአዲስ አበባ እድሮች እንደነበሩ አይዘነጋም። በሆቴል አዳራሽ ኪራይና በባነር ላይ የሚጠፋው ገንዘብ በእድር እጅ ቢሆን ለሕሙማን በተረፈ ነበር። የሴቶች ማኅበራትና የወጣቶች ክበባትም ለማጨብጨብ ሳይሆን ከመጀመሪያው የምክክር ስብሰባ ጀምሮ ለመወሰን ሊጠሩ ይገባል።

እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የፒያሳ አካባቢ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውረዋል። ለብዙ ዓመታት አንድ ድንኳን ሥር የተቀመጡ ጎረቤታሞች ተራርቀዋል። እነዚህን ሰዎች ለአንድ ማለዳ ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው መጥራት መልካም ሆኖ ሳለ የአውቶቡስ ነገር ካልታሰበበት ጥሪው ከአፍ አያልፍም። አረጋውያኑ ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይረው ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የዳገቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚያወጣው መንገድ ጤነኛውንም ያስተነፍሳል። ለጤና ተብሎ በተዘጋጀ ጉዞ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው፣ የልብ ሕመምተኛውና ምርኩዝ የያዙት እናት ከዳር ቆመው የሚያዩ ከሆነ ዝግጅቱ ከስሙ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ጉዞው ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር ባለው ደልደል ያለ ክፍል አጠር ብሎ ቢደረግ፣ መቀመጫ በየመሐሉ ቢኖር፣ ንግግሩ በምልክት ቋንቋ ቢተረጎም፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት መጸዳጃ ቢዘጋጅ ከባድ ወጪ አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። ለሕንፃ የታዘዘው ለአደባባይ ዝግጅት የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም። የዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበራት ቢጠየቁ የቱ እንደሚጎድል ከማንም በተሻለ ይናገራሉ።

ልምዱ ደግሞ አለ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰዎች ሲጀመር ሕዝብን በስፖርት ወደ ጎዳና ማውጣት እንደሚቻል ታይቷል፤ ከሩጫው ጋርም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲሰበሰብ ኖሯል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሰው ያለ ክፍያ ሊንቀሳቀስበት እንደሚችል አሳይቷል። ከመጀመሪያው ገንዘብ ማሰባሰቡን፣ ከሁለተኛው ነፃ መግቢያውን መውሰድ ነው። ቲሸርት መግዛት ያልቻለ አይመለስ። ያለው ይስጥ፤ የሌለው ቡና ያፍላ፤ ጉልበት ያለው ወንበር ይሸከም።

ገንዘቡን በሚመለከት ግን ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ብር በደረሰኝ ይግባ፤ በባንክ ይቀመጥ፤ ወጪው ከአንድ በላይ በሆነ ፊርማ ይንቀሳቀስ። ሒሳቡም በየእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ በድምፅ ይነበብ። ለማን ይሰጥ የሚለውን ለመወሰን የሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችና ሕሙማኑን የላካቸው ወረዳ ቢጠየቁ አድልዎን ይቀንሳል።

ቀኑ ሲመረጥ ክረምቱ፣ ጾሙና የእሑድ ቅዳሴ ይታሰቡ። የትራፊክ ፖሊስም መንገዱን ሲዘጋ ለአምቡላንስ የሚሆን አንድ መስመር እስከ ጥቁር አንበሳ በር ድረስ ክፍት ይተው።