ቡና ላይ የሚወሰን ልጅ

እኛ ካኩማ የልጅ ነገር የሚወሰነው በባልና ሚስት ብቻ አይደለም፤ ቡና ላይም ነው። ጎረቤት ስትወልድ «አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይባላል። ጉዞ በበዛበት ጊዜ ደግሞ «አሁን ብታረግዢ ፕሮሰስሽ ይቆማል» ይባል ነበር። እኛም ሰምተን ሁለት ዓመት ቆየን። መካሪዎቻችን ሄዱ፤ እኛ ግን ይኸው እዚሁ ነን።

የተወለደ ሕፃን በቤተሰቡ ፋይል መግባት አለበት፤ ይህ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ ፋይል ግን አያዘጋም። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይቆይ ይላል። ይኼን ቡና ላይ ሰምተን አናውቅም! ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችን ለምክር ክሊኒክ ሲሄዱ አብረን እንግባ። እስካሁን ውጭ ዛፍ ሥር ነው የምንጠብቀው፤ እዚያም ያው የሰፈር ወሬ ነው።