«ተመስገን፤ ግን…»

ውድ አንባቢያን፣ እንዴት ከረማችሁ? ገና ሳታስቡት ከአፋችሁ የሚወጣውን መልስ አውቀዋለሁ፤ «ተመስገን»። ሥራ ያጣውም፣ ደመወዝ የተጨመረለትም፣ እናቱን ቀብሮ ዐርባዋን ያላወጣውም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ልብ ካላችሁት ቃሉ የተነገረው ለጠያቂው አይደለም። «እንዴት ነሽ?» ያለቻችሁ ጎረቤታችሁ ናት፤ እናንተ ግን «አንተ ተመስገን» ብላችሁ የምታናግሩት እግዚአብሔርን ነው።

እኔ ይህን ልማዳችንን እወደዋለሁ። የሚያሳስበኝ ቃሉ አንዳንዴ መጋረጃ መሆኑ ነው። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ካለፈ በኋላ፣ ደመወዝተኛ ቤተሰብ እንዴት እንደሚያድር ታውቁታላችሁ። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዘይቱ፣ ታክሲው። ባል ከጓደኛው የተበደረውን ለሚስቱ አይነግርም፤ ሚስትም ከዕቁቧ መውጣቷን አታወራም። ማታ ሲገናኙ «እንዴት ዋልሽ?»፣ «ተመስገን»። ሁለቱም እግዚአብሔርን አመስግነው፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ይተኛሉ።

«ታዲያ ማማረር ይሻላል?» የሚለኝ አይጠፋም። ጭንቀትን መናገር እምነት ማጣት ነው ብለው የሚያስተምሩም አሉ። እኔ አልስማማም። ምክንያቴ ዕንባቆም ነው።

የዕንባቆም መጽሐፍ 3 ምዕራፍ ብቻ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ናት፤ ከእራት በኋላ ልጆች ሳይሰለቹ አንብባችሁ ትጨርሷታላችሁ። ነቢዩ የሚጀምረው በአቤቱታ ነው፤ ስጮኽ የማትሰማኝ እስከ መቼ ነው ብሎ አምላኩን ይሞግታል። የሚጨርሰው ደግሞ በደስታ መዝሙር። በመካከል ምን ተለወጠ? ኑሮው አልተለወጠም። እንዲያውም መጨረሻው ላይ ሊጠፋ የሚችለውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ የእርሻውን እህል፣ በጎቹን፣ ከብቶቹን። የዚያ ዘመን የአንድ ቤት ሙሉ ሀብት ይህ ነው። ባዶውን ጎተራ «ሞልቷል» አላለም፤ ባዶነቱን ጠርቶ፣ ቆጥሮ፣ ከዚያ በኋላ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ይናገራል። ይህ ጸሎት በግእዙ ዳዊት ከመዝሙራቱ ቀጥሎ ከሚገኙት የነቢያት ጸሎቶች አንዱ ነው፤ ዳዊት የሚደግሙ አያቶቻችን ሲያነቡት ኖረዋል።

ደግሞስ የእኛ ስሞች? ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ቀጥሎ የተወለደውን «ምትኩ»፣ «ካሳ»፣ «ማስረሻ» ይሉታል። ስሙ ሲጠራ ምስጋናም ሐዘንም አብረው ይጠራሉ። የጎደለውን ሳይደብቁ ለተሰጠው ማመስገን ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ስመጣ፣ አንዲት የማውቃት የሦስት ልጆች እናት ባለቤቷ ከሥራ በተቀነሰ ሰሞን ያደረገችውን ልንገራችሁ። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ፊት እያዩ ቀድመው ገብቷቸው ነበር፤ ልጅን ማታለል ከባድ ነው። ማታ ከጸሎት በፊት ሁሉም በየተራ የከበደውን አንድ ነገር፣ ቀጥሎም ያመሰገነበትን አንድ ነገር እንዲናገር አደረገች። የመጀመሪያው ማታ አባትየው ዝም አለ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው፣ «ጠዋት ከቤት የምወጣው ሥራ ያለኝ እንዲመስላችሁ ነው» አለ። ትንሹ ልጅ ተነሥቶ ጭኑ ላይ ተቀመጠ። ሥራው ከዚያ በኋላ ወራት ፈጅቶ ነው የተገኘው፤ አባትየው ግን በማግሥቱ ቤት ዋለ፤ ልጆቹንም ከትምህርት ቤት ያመጣቸው እሱ ነበር።

እንዲህ ያለውን ወግ ስትጀምሩ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ከባዱ ይቅደም። ምስጋናው ከቀደመ ልጆች ከባዱን ለመናገር ያፍራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው መልእክት በደስታ የተሞላ ነው እንላለን፤ የተጻፈውም ከእስር ቤት ነው። ብዙ ጊዜ የምንዘለው ግን መልእክቱ በከፊል የተላከ እርዳታ መድረሱን የሚያሳውቅ የምስጋና ደብዳቤ መሆኑን ነው። የፊልጵስዩስ ሰዎች በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ልከውለታል፤ አፍሮዲጡም ታሞ ለሞት ደርሶ ነበር። ጳውሎስ በማግኘትም በማጣትም መኖርን እንደተማረ ይናገራል፤ ግን «ምንም አልቸገረኝም ነበር» ብሎ ሰዎቹን አላሳፈረም። በመከራው መካፈላቸው መልካም እንደሆነ ነገራቸው፤ የመልእክተኛውንም ስም ጠራ።

በዚህ ወር ማኅበር ወይም የጸሎት ቡድን ካላችሁ፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለምታምኑት፣ «ተመስገን፤ ግን ኪራዩ ጨንቆኛል» በሉት። ባለፈው ዓመት በክፉ ቀን የደረሰላችሁ ሰውም ይኖራል፤ ዘይት ያመጣች እህት፣ የሆስፒታል ደጅ አብሯችሁ ያደረ ጎረቤት። እግዚአብሔርን አመስግናችኋል። እሷ ጋ ደውላችኋል?