ስለ እንግዳ ጥበበኞች

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደ የምትገኘው ጉብሬ ቀድሞ በእንሰት ማሳ መካከል ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ነበረች። በ2004 ዓ.ም. ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ግን ከአራቱ ማዕዘን የተመደበ ተማሪና መምህር የሚያድርባት፥ አማርኛው ከጉራግኛው፥ ኦሮምኛው ከትግርኛው ጋራ በአንድ ሻይ ቤት የሚሰማባት ስፍራ ሆናለች። የጉራጌ ሕዝብ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ከቤቱ መውጣትን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የለመደ ስለ ሆነ እንግድነት ምን እንደ ሆነ ለዚያ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ቦታ አንድ ጥያቄ ለማንሣት ይመቻል፤ ይኸውም ከባዕድ ምድር የመጣ ጥበበኛ በአዲስ አገር የእጁንና የአእምሮውን ሥራ እንዴት ያገኛል፥ የሚቀበለው አገርስ በምን ሚዛን ይመዝነዋል የሚለው ነው።

ኢትዮጵያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን በከፈተች ጊዜ መምህር ስላነሳት ከህንድና ከሌሎችም አገሮች ቀጥራለች። መሐንዲስ ወይም ሐኪም ወይም የሒሳብ መምህር ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ አይቸገርም። የትምህርት ማስረጃው ይታያል፤ ለቦታው ኢትዮጵያዊ አለመገኘቱ ይጣራል፤ ፈቃዱ ይጻፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚያዝዘው ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ሆኖ ለ3 ዓመት የሚጸና፥ በየዓመቱም የሚታደስ ነው። ሰውየው ለሥራው የማያስፈልግ መሆኑ ከተረጋገጠም ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል። የድንጋጌው አሳብ መልካም ነው፤ ፋብሪካ ሊተክል የመጣው እንግዳ ኢትዮጵያዊውን አሠልጥኖ ቦታውን እንዲለቅ ያደርጋልና።

ዳሩ ግን ሠዓሊና ቀራጭ፥ ዜማ ደራሲና የቴአትር አዘጋጅ ሲመጣ ሕጉን የሚያስፈጽመው ሹም ብዕሩን ይዞ ግራ ይገባዋል። ይህን ሥዕል ሊሥል የሚችል ኢትዮጵያዊ አለን ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ሥዕል የሚሥል ሞልቷል፥ ያን ሥዕል የሚሥል ግን ከዚያ ሰው በቀር በዓለም ላይ የለም። ለሞተር ጠጋኝ ምትክ ይገኝለታል፤ ለጥበበኛ ግን ደቀ መዝሙር እንጂ ምትክ አይገኝለትም። በዚህ ላይ ጥበበኛ ብዙ ጊዜ ቋሚ አሠሪ የሌለው፥ ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው ሥራ እየተቀበለ የሚኖር ስለ ሆነ ማመልከቻውን የሚደግፍለት መሥሪያ ቤት ማግኘት ይቸግረዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ባነፀ ጊዜ የናሱን ሥራ የሠራለት ኪራም አባቱ የጢሮስ ሰው እንደ ነበረ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። ንጉሡ ልኮ አስመጣው፤ ከእስራኤል ልጆች መካከል ናስ የሚያቀልጥ ጠፍቶ ነውን የሚል ክርክር ተነሣ ተብሎ ግን አልተጻፈም።

በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ የታወቀው እንግዳ ሠዓሊ የቬኒሱ ሰው ኒኮሎ ብራንካሌዎን ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ገብቶ ከ40 ዓመት በላይ በሥዕል ሥራ ኖረ፤ በጎጃም በዋፋ ኢየሱስ ስሙን ጽፎ የተወው ሥራ ተገኝቷል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሰው በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አግኝቶት የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ፥ የተከበረ ትልቅ ሰው መሆኑን ጽፏል። ነገር ግን ክብሩን ከመሰከረ በኋላ ምንም እንኳ ሠዓሊ ቢሆን የምትል ቃል ጣል አድርጎበታል። ይህች ትንሽ ቃል ወደ ኋላ እንደገና ታስፈልጋለች።

ይኸው ሠዓሊ በአትሮንሰ ማርያም በሣለው ሥዕል ድንግል ማርያም ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ስለ ታየች ሕዝቡ ግራ የክብር ወገን አይደለም ብሎ እንደ ተቆጣ፥ ንጉሡ ግን ሥዕሉ እንዲቆይ እንዳደረገ ይተረካል። ቤተ ክርስቲያኑ በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ስለ ጠፋ ሥዕሉን ዛሬ ማየት አይቻልም። ክርክሩ ግን የእንግዳ ጥበበኛን መከራ በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ያሳያል። እጁ የተማረው በአባቱ አገር ሥርዓት ነው፤ የሚያየው ዓይን ግን የሌላ አገር ነው። ቀኝና ግራን ሳይለይ የሚሥል እንግዳ ያስቆጣል፤ የአገሩን ሥርዓት ብቻ የሚገለብጥ እንግዳ ደግሞ ከሩቅ መምጣቱ ለምን አስፈለገ ያሰኛል። ብራንካሌዎን በሁለቱ መካከል መንገድ አግኝቶ ስለ ነበረ ከእርሱ በኋላ የተነሡት የኢትዮጵያ ሠዓልያን ከአሣሣሉ ብዙ ወስደዋል። በዚያ ዘመን ንጉሥ የወደደው እንግዳ መግባት እንጂ መውጣት አይፈቀድለትም ነበር፤ የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ፔሮ ዳ ኮቪልያን እንኳ ርስትና ሚስት ተሰጥቶት በዚሁ ቀርቷል። ፈቃድ በየዓመቱ ማሳደስ የሚያስቸግረው ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ሲመጣ ከአርመኖቹ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። የነገሥታቱን ፎቶግራፍ ከአባት ወደ ልጆች በተላለፈ ሙያ ያነሣው የቦያጂያን ቤተሰብ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ወላጆቻቸው በኦቶማን ግዛት በደረሰው እልቂት ያለቁባቸው ልጆች ሙዚቃ ሲነፉ ሰምተው 40ውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ለእነርሱ መሪ የሆነው ከአይንታብ የተሰደደው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥምና በኬቮርክ ዜማ የተዘጋጀው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ላይ ተሰማ፤ መንግሥቱም እስኪያልፍ ድረስ ሲዘመር ኖረ። የጎጃም ቅኔ ቤት ያሳደገው ባለ ቅኔና ቤት የሌለው ስደተኛ የአንድ አገር መዝሙር መሥራታቸውን ያስተዋለ ሰው እንግድነትና ባለቤትነት በደም ብቻ እንዳይለዩ ይረዳል።

ሆኖም ከ40ው ልጆች ብዙዎቹ ውላቸው ሲያልቅ ኢትዮጵያን ለቀው ሄዱ። የተጠሩት ለክብር አቀባበልና ለሰልፍ እንዲነፉ ነበር፤ ሰልፍ የሚነፋ ኢትዮጵያዊ ሲገኝ ቦታቸው ተያዘ። ሕጉ ዛሬ በሚመዝንበት ሚዛን ቢታይ ትክክል ነው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ግን በ1930 ዓ.ም. ገደማ መጥቶ ሌላ መንገድ ያዘ። የማዘጋጃ ቤቱን፥ የፖሊስን፥ ኋላም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞች አሠለጠነ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማረ። ከሁሉ በላይ በመሰንቆና በክራር የኖረውን የአገሩን ቅኝት ከመለከትና ከሳክስፎን ጋራ አስማምቶ በኖታ ጻፈ። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ላይ የአውሮፓን ኅብረ ድምፅ የሚጭን ሰው ሚዛኑን ጥቂት ቢስት ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። እርሱ ግን አስቀድሞ ሰማ፥ ቀጥሎ ጻፈ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ሲሞት ቦታውን የሚረከበው አንድ ሰው ማን ነው የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ያስተማራቸው በየኦርኬስትራው ነበሩና።

የኢትዮጵያውያን ጥበበኞች ቅሬታ ግን ሳይሰማ ሊታለፍ አይገባም። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወይም ከያሬድ ወጥቶ ሥራ ያጣ ወጣት እንግዳው በስሙ ባዕድነት ብቻ ሲመረጥ ቢያይ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ለሆቴል ማስጌጫ የሚሥለውን፥ ለአንድ ሌሊት ጭፈራ የሚዘፍነውን እንግዳ መከልከል ወይም ማስከፈል ሕጉ ሊሠራው የተገባ ሥራ ነው። ነገር ግን ይህን ሰውና እንደ ነርሲስ ያለውን በአንድ መዝገብ ላይ በአንድ መልክ መጻፍ ለወጣቱም አይበጀውም፤ የሚያጣው ተወዳዳሪ ብቻ ሳይሆን መምህርም ነውና። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ያው አዋጅ የ3 ዓመቱን ገደብ እንደ አስፈላጊነቱ የመለወጥ ሥልጣን ለሚኒስቴሩ ሰጥቷል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ጋራ ተማክሮ እንግዳው ማንን እንደሚያስተምር፥ ከአገሩ ጥበብስ ምን እንደሚማር በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ቢያደርግ ሹሙ የሚመዝንበት ነገር ያገኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ስደተኛ በእጅ ጥበብ ሥራ እንዲሰማራ በር ከፍቷል፤ ከእነዚያ 40 ልጆች ጋራ የሚመሳሰል ዛሬ በየመጠለያው ቢኖር ሊያስገርም አይገባም።

ሌላው አገር ኢትዮጵያዊውን እንዴት ተቀበለ የሚለውም መታየት አለበት። እስክንድር ቦጎሲያን በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአርመን ዘር ከሆነ የክብር ዘበኛ መኮንንና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። በለንደንና በፓሪስ ተምሮ ሥሎ፥ ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ወንበር ነው፤ በዚያም ከ20 ዓመት በላይ ሲያስተምር የብራናውና የክታቡ መልክ ከሸራው አልጠፋም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ብራና የሚሥሉ የአለቃ ደስታ ልጅ፥ በጀርመን አገር በኮሎኝ የተማረ፥ ብዙዎችን ያስተማረ ሠዓሊና ባለ ቅኔ ሆኖ ሳለ ከደርግ ሸሽቶ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦክላሆማ በስደት ሞተ። የሁለቱ ዕጣ የተለያየው በችሎታ አይደለም፤ አንዱ የሚያስተምርበት ክፍል አገኘ፥ አንዱ አላገኘም።

አሁን ወደ ጉብሬ ይመለሳል። የጉራጌ ቤት በመካከሉ በቆመው ምሰሶ ላይ ተደግፎ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች አይተው ያደነቁት፥ የሕንፃ ተማሪዎችም የሚለኩት ነው። ያን ምሰሶ የሚያቆሙት፥ እንጨቱን የሚፈልጡትና ዕቃውን የሚጠርቡት ለብዙ ዘመን ፉጋ እየተባሉ ከሌላው የተለዩ ሠራተኞች ነበሩ። ቤቱን ይሠራሉ፤ መሬት እንዳይዙ፥ ከገበሬውም ጋራ እንዳይጋቡ ግን ልማድ ከልክሏቸው ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ነቀፌታው ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዝሞ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። አልቫሬዝ ስለ ሠዓሊው የጣላት ያች ቃል ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣች አይደለችም ማለት ነው። በተወለደበት መንደር እንደ እንግዳ የሚታይ ባለ እጅ ባለበት አገር ከሩቅ ለሚመጣው ጥበበኛ ክብር መስጠት አስቸጋሪ ቢሆን ምክንያቱ ግልጥ ነው።

ዩኒቨርሲቲው አንድ ቀን ከውጭ አገር የእንጨት ቀራጭ ቢጋብዝ ሰውየው ማስተዋል ያለው እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚፈልገው ያን ምሰሶ ያቆመውን ሽማግሌ ነው። እንግዳው በዲግሪው በመምህርነት ይመዘገባል፥ ፈቃዱም ለ3 ዓመት ይጻፍለታል። ሽማግሌው በዚያው በር ገብቶ በዚያው ክፍል ሲያስተምር በየትኛው የሥራ መደብ፥ በስንት ብር ደመወዝ እንደሚጻፍ ግን እንግዳው ከመጥራቱ በፊት መወሰን ይኖርበታል።